ስድስት ሰው፣ አሥራ ሁለት ሻንጣ፦ ከደለስ ኤርፖርት ዋሽንግተን ለመግባት የትኛው አገልግሎት ያዋጣል?

ከቦሌ ተነስቶ ደለስ የሚያርፍ ቤተሰብ ስንት ሰው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስንት ሻንጣ እንደያዘ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መኪናው ቀርቦ የኋላ በሩ አልዘጋ ሲል ነው። ከኤርፖርቱ ወደ ከተማ የሚወስዱት አገልግሎቶች ሁሉ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት በወንበር ቁጥር ስለሆነ ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እዚህ የቀረበው ግምገማ አገልግሎቶቹን የሚመዝነው በሻንጣ ነው። የሚታሰበው ቡድንም ከአምስት እስከ አሥር ሰው ነው፤ በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ የሚመጣ ቤተሰብ፣ ሠርግ የተጠራ ዘመድ፣ የመዘምራን ቡድን። ሰዓቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ኪሎው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ለሚጓዝ የኢኮኖሚ መንገደኛ እያንዳንዳቸው እስከ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅዳል፤ በእጅ የሚያዘው 7 ኪሎ ነው። ስድስት ሰው አሥራ ሁለት ትልልቅ ሻንጣና ስድስት የእጅ ቦርሳ ይዞ ይመጣል፤ ሲደመር እስከ 318 ኪሎ። የእኛ ሰው ደግሞ የተፈቀደለትን ኪሎ ጎዶሎ አድርጎ አይነሳም። ሽሮውና በርበሬው ሞልቶ የተረፈች ሁለት ኪሎ ብትኖር የጎረቤት አደራ ይሞላታል።

ቀጥሎ ቦታው። የሚፈቀደው ሻንጣ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱ ሲደመር 158 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 76 በ50 በ32 እንበል። ይህ ወደ 120 ሊትር ይጠጋል። ቶዮታ ሲየና ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ሰው ተቀምጦበት እያለ ከኋላ የሚቀረው ቦታ 33.5 ኪዩቢክ ጫማ፣ 950 ሊትር ገደማ ነው። በወረቀት ሲካፈል ሰባት ሻንጣ ይወጣዋል። የኋላው በር ወደ ውስጥ ዘንበል ያለ፣ ሻንጣውም ጎማና እጀታ ያለው ስለሆነ በተግባር የሚገባው አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ነው። ቶዮታ ሃይላንደር ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ካልታጠፈ 16 ኪዩቢክ ጫማ ብቻ ስለሚቀር ሦስት ሻንጣ ገብቶ ያበቃል። ግዙፉ ሼቭሮሌት ሰበርባን እንኳ ሁሉም ወንበር ሲያዝ 41.5 ኪዩቢክ ጫማ ነው ያለው፤ ሰባት፣ በዘዴ ከተደረደረ ስምንት ሻንጣ። ስለዚህ ስድስት ሰው ከአሥራ ሁለት ሻንጣ ጋር በአንድ የቤተሰብ መኪና አይገባም፤ የመኪናው ስም የቱንም ያህል ቢገዝፍ።

ክብደቱም አለ። በአሜሪካ መኪኖች የሾፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይታያል፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። ለሚኒቫን ቁጥሩ በአብዛኛው ከ700 ኪሎ በታች ነው። ሾፌሩን ጨምሮ ሰባት ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝን 490፤ በዚያ ላይ 318 ሲጨመር 808 ይሆናል። ሾፌር “አልጭንም” ሲል ክፋት የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ አውራ ጎዳና ላይ ጎማው ቢፈነዳ ተጠያቂው እሱ ነው። ጣሪያ ላይ ጭኖ በገመድ ማሰር የሚባል መፍትሔም እዚህ አይታሰብም።

ከበረራው እስከ በሩ

የትኛውም አገልግሎት ከመያዙ በፊት ቡድኑ መቼ እንደሚወጣ መገመት አለበት፤ የሚከፈልበት የመጠበቂያ ሰዓት የሚቆጠረው በዚያ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው በረራ ደለስ የሚደርሰው በተለምዶ ጠዋት ነው። ከአውሮፕላኑ የወረደ መንገደኛ ሞባይል ላውንጅ በሚባለው፣ አዳራሽ በጎማ ላይ የተጫነ በሚመስለው ተሽከርካሪ ወደ ኢሚግሬሽን ሊወሰድ ይችላል። ይህ ተሽከርካሪ ኤርፖርቱ በ1962 ሲከፈት ጀምሮ ያለ የደለስ መታወቂያ ነው፤ እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ቀስ ብሎም ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ይከፋፈላል። የአሜሪካ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ የያዘ በአንድ ሰልፍ፣ በጉብኝት ቪዛ የመጣ በሌላ ሰልፍ። አዲስ የስደተኛ ቪዛ የያዘ ደግሞ ሰነዱ እስኪመረመር ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳል፤ ብቻውን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጀው ይህ ነው። ጉምሩክ ላይ ቋንጣ የያዘ ሰው ከተገኘ ሻንጣዎቹ ጠረጴዛ ላይ ይከፈታሉ፤ ሥጋ ከኢትዮጵያ ማስገባት አይቻልም። ተናግሮ ማስረከብ ነፃ ነው፤ ደብቆ መያዝ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ 300 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። የምግብ ዕቃ ካለ ቅጹ ላይም ሆነ በአፍ “አለ” ማለት ጊዜም ገንዘብም ያተርፋል። ነዋሪዎች ብቻ ያሉበት ቡድን ካረፈበት ሰዓት አንሥቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሊወጣ ይችላል፤ አዲስ ገቢ ቤተሰብ ካለበት ሁለት ሰዓት ተኩል መያዝ ነው።

ቫን ሲያዝ የሚፈጠሩ ሁለት ክላሲክ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ “ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል እንገባለን” ይላል፤ ቨርጂኒያ ያለው ሾፌር ከሌሊቱ 2:30 ብሎ ይመዘግባል፣ ወይም በተገላቢጦሽ። ሁለተኛው ቀን ነው። አውሮፕላኑ ከቦሌ የሚነሳው ማታ ስለሆነ የሚደርሰው በማግስቱ ነው፤ ቲኬቱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን የመነሻው ቀን ነው። በሐበሻ ወር ከተነጋገሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ለሾፌሩ የሚሰጠው የበረራ ቁጥር፣ የማረፊያ ቀንና ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጠዋት ወይም ማታ ተብሎ፣ በጽሑፍ መሆን አለበት። የበረራ ቁጥሩ ከሁሉም ይበልጣል፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይ ሾፌሩ ራሱ በስልኩ ያየዋል።

ሲልቨር ላይን፦ ለሰው እንጂ ለሻንጣ ያልተሠራ

የዋሽንግተን ሜትሮ፣ የከተማው ባቡር፣ ሲልቨር ላይን በሚባለው መስመሩ ደለስ የደረሰው በኅዳር 15 ቀን 2022 ነው፤ ቀኑ በፈረንጅ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ ምክሮች 5ኤ አውቶቡስን ወይም የጋራ ሰማያዊ ቫኖችን ይጠቅሳሉ። አውቶቡሱ ዛሬ የለም፤ ሱፐርሻትል የጋራ ቫኑን ያቆመው በ2019 መጨረሻ ነው።

በዋጋ ሲታይ ባቡሩን የሚስተካከል የለም። ከ2024 አጋማሽ በወጣው ታሪፍ በሥራ ቀን ከደለስ መሃል ከተማ 6.75 ዶላር ነው፤ ቅዳሜና እሁድ፣ በሥራ ቀንም ከምሽቱ 9:30 በኋላ፣ ቢበዛ 2.50። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከአንድ ከፋይ ጋር እስከ ሁለት ድረስ በነፃ ይገባሉ። እስከ ሜትሮ ሴንተር የሚፈጀው ከ50 እስከ 55 ደቂቃ ነው፤ ጠዋት መንገዱ ሲጨናነቅ ከመኪና የሚቀድምበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጣቢያው ከተርሚናሉ ጋር በምድር ውስጥ መተላለፊያ ተያይዟል፤ የሜትሮን ምልክት ተከትሎ በተንቀሳቃሽ ወለል ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ይኬዳል። የሚሳሳቱበት ቦታ መድረኩ ላይ ነው። ወደ አሽበርን የሚል ባቡር ከከተማው የሚያርቅ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ዳውንታውን ላርጎ ወይም ኒው ካሮልተን የሚል ነው፤ ሁለቱም መሃል ከተማን ያልፋሉ፣ የመጣውን መሳፈር ይቻላል።

አንድ ካርድ ለቡድን አይሠራም። ሲገቡም ሲወጡም ስለሚነካ፣ ሜትሮው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስማርትሪፕ ካርድ ይጠይቃል። የፕላስቲኩ ካርድ 2 ዶላር ነው፤ ስልክ ውስጥ የሚጫነው ነፃ ነው። ከ2025 ወዲህ የባንክ ካርድ በቀጥታ መንካት ይቻላል፤ እሱም ቢሆን አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው። ስድስት ሰው አንድ በአንድ ማሽኑ ፊት ሲቆም የሚባክነውን ጊዜ ማዳን የሚቻለው ተቀባዩ ቀደም ብሎ ካርዶቹን ገዝቶ በሥራ ቀን ቢያንስ 7 ዶላር ከሞላባቸው ነው። ሒሳቡ የጎደለበት ሰው መውጫው በር ላይ ይያዛል፤ ኤግዚትፌር የሚለው ማሽን ላይ ጨምሮ ይወጣል።

ችግሩ እንግዲህ ሻንጣው ነው። ባቡሩ ውስጥ የሻንጣ መደርደሪያ የለም፤ የኤርፖርት ጋሪም አይገባም። አንድ ሰው በሁለት እጁ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየገፋ ደለስ ላይ ሊሳፈር ይችላል፤ ባቡሩ ከአሽበርን ሁለት ጣቢያ ብቻ ስለመጣ ቦታ አይጠፋም። ታይሰንስ ሲደርስ፣ ይልቁንም ኢስት ፎልስ ቸርች ላይ ኦሬንጅ ላይን ሲቀላቀል፣ ሠራተኛው ይሞላል፣ አሥራ ሁለት ሻንጣም በር ይዘጋል። የፊተኛውና የኋለኛው ፉርጎ ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላሉ፤ ሻንጣውም በፉርጎው ጫፍ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

መስመር መቀየር ካለ ደግሞ ፈተናው ይጨምራል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ ሜትሮ ሴንተር ወርዶ ከታችኛው ፎቅ ወደ ላይኛው፣ ግሌንሞንት ወደሚለው ሬድ ላይን ይወጣል። ዩ ስትሪት የሚሄድ ላንፋንት ፕላዛ ላይ እንዲሁ ወደ ላይ ወጥቶ ግሪን ላይን ይይዛል። አሌክሳንድሪያ የሚሄድ ሮዝሊን ላይ ፎቅ ቀይሮ ወደ ፍራንኮኒያ የሚመለሰውን ብሉ ላይን ይጠብቃል። ሦስቱም ቦታ አሳንሰር አለ፤ ትልልቅ ሻንጣ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ማውረድ ከኋላ ላለው ሰው አደጋ ስለሆነ ወረፋው ቢረዝምም አሳንሰሩን መጠበቅ ነው። አሳንሰር ሲበላሽ ሜትሮ በድረ ገጹ ያስታውቃል፤ ከመነሳት በፊት ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ግምገማው፦ በሰው አንድ ሻንጣ ለያዘና መድረሻው ሲልቨር ላይን ላይ ለሆነ ቡድን ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። በሰው ሁለት ሻንጣ ለያዘ፣ መስመርም ለሚቀይር ቤተሰብ አይመከርም። አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ሰዓት ተጉዘው የመጡ እናትን ሮዝሊን ላይ ሻንጣ አስይዞ ማቆም ቁጠባ ሳይሆን ቅጣት ነው።

ኡበርና ሊፍት፦ “ኤክስኤል” የሚለው ስም ያሳስታል

በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩት ኡበርና ሊፍት ትልቁን መኪናቸውን ኤክስኤል ይሉታል። ኤክስኤል ስድስት መንገደኛ ይወስዳል ተብሎ የተጻፈው እውነት ነው፤ ስድስት መንገደኛ ከነሻንጣው ግን የሚል ቃል የለበትም። የሚመጣው መኪና ሲየና ይሁን ሃይላንደር መምረጥም አይቻልም። ከላይ በተሰላው መሠረት ትክክለኛው ልክ ሦስት ሰው ከስድስት ሻንጣ ጋር፣ ቢበዛ አራት ሰው ከስምንት ጋር ነው፤ ለዚያም ሦስተኛው ረድፍ በከፊል መታጠፍ አለበት። ስድስት ሰው እንግዲህ ሁለት ኤክስኤል ይጠራል። ፀጥ ባለ ሰዓት መሃል ከተማ ድረስ እያንዳንዱ ከ70 እስከ 100 ዶላር አካባቢ ይላል፤ ዝናብ ሲጥል፣ ወይም ሦስት ትልልቅ በረራዎች በአንድ ጊዜ ሲያርፉ፣ በጣም ይንራል። የመንገድ ክፍያ ካለ ከላዩ ይጨመራል።

ሁለቱን መኪና በአንድ ጊዜ መጥራት አይመከርም። ሾፌሩ የሚጠብቀው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ የመጠበቂያ ይቆጥራል፣ ቀጥሎም ሰርዞ ይሄዳል። የመጀመሪያው ተጭኖ ሲያልቅ ሁለተኛውን መጥራት። ቡድኑ ሻንጣውን ሁሉ ይዞ፣ ሁሉም ሰው ተቆጥሮ፣ የራይድ አፕ ምልክት ወዳለበት መንገድ ዳር ከወጣ በኋላ ብቻ ነው ስልክ የሚነካው። “ወንድሜ ጉምሩክ ነው፣ አሁን ይደርሳል” ለሾፌር አይሠራም።

ከኢትዮጵያ በቀጥታ የመጣ ሰው ስልኩ ላይ መተግበሪያውም የሚሠራ የክፍያ ካርድም ላይኖረው ይችላል። ዘመድ ከቤቱ ሆኖ በራሱ መተግበሪያ ሊጠራለት ይችላል፤ ኡበር ለሌላ ሰው መጥራትን ይፈቅዳል። ኤርፖርቱ ነፃ ዋይፋይ ስላለው በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የመኪናውን ዓይነት፣ ቀለምና የሰሌዳ ቁጥር መላክ ነው። ሰሌዳው ሳይታይ መሳፈር አይገባም።

ልጆች ካሉ ሌላ ጉዳይ አለ። በቨርጂኒያ ሕግ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ በልጆች መቀመጫ መታሰር አለበት፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ። የኡበር መኪና እንደ ግል መኪና ስለሚቆጠር ሾፌሩ መቀመጫ የሌለውን ልጅ አልወስድም ማለት ይችላል፤ ልክም ነው። ከአዲስ አበባ መቀመጫ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ተቀባዮቹ የልጆቹን ዕድሜና ኪሎ ጠይቀው መቀመጫውን ይዘው መምጣት አለባቸው። ይህ ጉዳይ የሚነሳው ሁልጊዜ በመጨረሻው ደቂቃ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ታክሲው

ታክሲ በአራይቫል ፎቅ ሰልፍ ይዞ ሃያ አራት ሰዓት ይገኛል፤ በቆጣሪ ይሠራል። ወደ መሃል ዋሽንግተን፣ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በአብዛኛው ከ60 እስከ 80 ዶላር አካባቢ ይወጣል፤ ጉርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጨመራል። ጥቅሙ ዋጋው በዝናብና በወረፋ ምክንያት አለመናሩ ነው። የሰልፉን ተቆጣጣሪ ሚኒቫን ታክሲ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል። ሾፌሩ የሀገር ልጅ የመሆን ዕድሉም ሰፊ ነው፤ እንግሊዝኛ ለማይችሉ አባትና እናት ይህ ከዋጋ በላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ እየዞረ “ታክሲ ነው?” የሚል ሰው ግን፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ሕጋዊ አይደለም። ቆጣሪ የለውም፣ ፈቃድ የለውም፣ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል።

አስቀድሞ የሚያዝ ቫን

ለሰባት ሰውና ከዚያ በላይ፣ በሰው ሁለት ሻንጣ ከተያዘ፣ መልሱ ይህ ነው። በአካባቢው ሐበሾች የሚያንቀሳቅሷቸው የሊሞዚንና የቫን አገልግሎቶችም ጥቂት አይደሉም። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ200 ዶላር ይጀምራል። ለሁለት ሰው ያበዛል፤ ለስምንት ሰው ግን ከሦስት ኤክስኤል ያንሳል።

እዚህም የወንበር ቁጥር ያታልላል። አሥራ አምስት ወንበር ያለው ፎርድ ትራንዚት ሁሉም ወንበር ሲሞላ ከኋላ የሚቀረው ቦታ ለእጅ ቦርሳ እንጂ ለአሥራ አምስት ሰው ሻንጣ አይበቃም። በደፈናው ሲታሰብ ባለ 14 ወይም ባለ 15 ወንበር ቫን በሰው ሁለት ሻንጣ የያዘ ሰባት፣ ቢበዛ ስምንት ሰው ይወስዳል፤ የቀሩት ወንበሮች ሻንጣ ይሸከማሉ። የኋላው ወንበር ተነቅሎ ከመጣ ወይም ተጎታች ካለው ነው ከዚያ በላይ የሚሆነው።

ስልክ ሲደወል የሚጠየቀው ጥያቄ እንግዲህ “ስንት ሰው ትጭናለህ?” መሆን የለበትም። “ስምንት ሰው፣ አሥራ ስድስት ትልልቅ ሻንጣ፣ ስምንት የእጅ ቦርሳ፤ የትኛውን መኪና ታመጣለህ?” ነው። ከዚያ ዋጋው ጉርሻን፣ የመንገድ ክፍያንና የኤርፖርት ክፍያን ይጨምር እንደሆነ፤ ነፃ የመጠበቂያ ጊዜው ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ የሚቆጠረውም ካረፈበት ይሁን ከተቀጠረበት ሰዓት፤ ከዚያ በኋላ በየስንት ደቂቃው ስንት እንደሚጨመር። አዲስ ገቢ ቤተሰብ ካለ አውሮፕላኑ ካረፈ ከሁለት ሰዓት በኋላ መቅጠር ይሻላል፤ ቤተሰቡ ቀድሞ ቢወጣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነፃ ነው፣ ቫን ማስጠበቅ ግን ይከፈልበታል። ኤርፖርቱ ውስጥ ለንግድ ሰው ለመጫን ፈቃድ እንደሚያስፈልግም አይዘንጋ፤ ስለ ፈቃድና ኢንሹራንስ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው መልሱን ሰጥቷል።

አንድ ጥያቄ ብዙ ሰው አያውቃትም። ሾፌሩ ኢዚፓስ ፍሌክስ የሚባለው የመንገድ ክፍያ መሣሪያ አለው? ከኤርፖርቱ የሚወጣው የደለስ አክሰስ መንገድ ለኤርፖርት ተጓዥ ነፃ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አይ-66 አውራ ጎዳና ግን ከቤልትዌይ (ከተማውን ከሚዞረው 495 መንገድ) ወደ ውስጥ በሥራ ቀን ጠዋት ከ5:30 እስከ 9:30 ወደ ከተማው ለሚገባ ያስከፍላል፤ ክፍያውም እንደ መጨናነቁ ይለዋወጣል። በዲሴምበር 2017 ሲጀመር 40 ዶላር ደርሶ ዜና ሆኖ ነበር። የአዲስ አበባው በረራ መንገደኞች የሚወጡት ደግሞ በዚሁ ሰዓት ወይም ወዲያው በኋላ ነው። ሾፌሩን፣ ሕፃኑንም ጨምሮ ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ የያዘ መኪና ነፃ ያልፋል፤ ይህ የሚሆነው ግን ፍሌክስ የሚባለው መሣሪያ ኖሮት ቁልፉ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የጫነ መኪና) በሚለው ላይ ከተደረገ ብቻ ነው። ተራውን ኢዚፓስ የያዘ ቫን አሥር ሰው ቢጭንም ይከፍላል። በኪራይ መኪና የሚመጣ ዘመድ ካለ ያለ መሣሪያ ማለፉ ሒሳቡን ከአስተዳደር ክፍያ ጋር ሳምንታት ቆይቶ ያመጣበታል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚሄድ አይ-66 ምንም አያደርግለትም፤ መንገዱ በ495 ወደ ሰሜን፣ በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ነው። ያ ድልድይ ከሰዓት በኋላ የታወቀ ማነቆ ነው። በረራው ዘግይቶ ቡድኑ ከ3:00 በኋላ ከወጣ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ማሳለፍ ሊኖር ስለሚችል ለልጆቹ ውኃና መክሰስ መኪናው ውስጥ ይኑር።

ዘመድ በመኪና ሲቀበል

ነፃው አገልግሎት፣ ስለሆነም ያልታቀደው። አንድ ቤተሰብ ሲመጣ አምስት ሰው በሦስት መኪና አበባ ይዞ ይወጣል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ለመቀበል የመጣው ሰው ራሱ ወንበር ይዟል፣ የመኪናው ኋላም የልጅ ጋሪና የእግር ኳስ ዕቃ እንደያዘ ነው። በመኪና የሚመጣ ተቀባይ ብቻውን፣ የዕቃ ቦታውን ባዶ አድርጎ ይምጣ፤ መሳሙና እልልታው ቤት ይደርሳል። በሩ ፊት ለፊት ቆሞ መጠበቅ አይፈቀድም፤ ፖሊስ ያስነሳል። ኤርፖርቱ ሾፌሩ መኪናው ውስጥ ሆኖ በነፃ የሚጠብቅበት የሞባይል መጠበቂያ ሜዳ አለው፤ ቡድኑ ሻንጣውን ይዞ ወደ ውጭ ሲወጣ ይደወልለታል፣ የበር ቁጥር ይነገረዋል።

ለስድስት ሰው የሚያዋጣው ድብልቅ

ሰውና ሻንጣን መለያየት ብዙ ሰው የማያስበው፣ ግን በጣም የሚሠራ ዘዴ ነው። አንድ ሚኒቫን ይያዝና ሦስተኛው ረድፍ ሙሉ በሙሉ ይታጠፍ። ሲየና ውስጥ ከ75 ኪዩቢክ ጫማ በላይ ይከፈታል፤ አሥራ ሁለቱ ሻንጣ ተደራርቦ ይገባል፣ ሁለት ሰውም ይቀመጣል። እነዚህ ሁለቱ ትልቋ እናትና መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ናቸው። የቀሩት አራቱ የእጅ ቦርሳቸውን ብቻ አንጠልጥለው ከአንድ ተቀባይ ጋር ሲልቨር ላይን ይይዛሉ። መኪናው 85 ዶላር ቢሆን፣ በሥራ ቀን የአራቱ ባቡር 27፣ ካርዱ 8፤ በድምሩ 120። ሁለት ኤክስኤል በዚያው ዋጋ 170 ነው። ቅዳሜ ወይም እሁድ ከሆነ ድብልቁ 103 ላይ ይወርዳል። የሚጎድለው ነገር ቢኖር ኤክስኤል ሲጠራ ሃይላንደር ሊመጣ መቻሉ ነው፤ ያኔ የሚገባው ሰባት ወይም ስምንት ሻንጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ዘዴ የሚሻለው ከሰልፉ በሚመረጥ ሚኒቫን ታክሲ ወይም የዘመድ ሚኒቫን ካለ ነው። ከእሁድ እስከ ሐሙስ እኩለ ሌሊት አካባቢ ለሚወጣ ቡድን ባቡሩ ስለሚያበቃ ድብልቁ አይታሰብም።

ሻንጣ ከቀረ በአየር መንገዱ የሻንጣ ቢሮ ሳይመዘገብ ከኤርፖርቱ መውጣት የለም፤ ሲገኝ ቤት ድረስ ያመጣሉ። ለዚያ ዚፕ ኮዱን ጨምሮ ሙሉ አድራሻና የሚሠራ የአሜሪካ ስልክ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ኢሚግሬሽንም አድራሻውን ይጠይቃል፣ ሾፌሩም። ስልክ ባትሪው ስለሚያልቅ አድራሻው በወረቀት ተጽፎ በእያንዳንዱ ሰው ፓስፖርት ውስጥ ከቦሌ ጀምሮ ይቀመጥ።